ወራጅ ካለ ጣራውን ምቱ፦ ስለ ድሮ ታክሲዎች ጣራ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ። ታክሲ አይደለም፣ ትርፍ ጫንክ ብሎ የሚቀጣን ትራፊክ የለም።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ድሮ ታክሲዎች ጣራ ነው። ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ሌላ አጥተህ ነው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የመኪና ወሬ ሲነሳ ሰው ስለ ሞተር ያወራል፣ ስለ ማርሽ ያወራል፣ ነዳጅ ስንት ትበላለች ይላል። ጣራ ትዝ የሚለው ሲያፈስ ብቻ ነው።

እኔም ትዝ ያለኝ ሲያፈስ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ያገለገለች መኪና ገዛሁ። ጣራዋ ላይ የሚከፈት መስታወት አላት፤ በዚያ መስታወት ስኮራ ለጉድ ነበር። አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ጫንኩ። መብራት ላይ ቆምን፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳጅ ስሰጥ ጣራው ውስጥ ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረው ውሃ ወደ ኋላ ሄዶ ልክ የሰውዬው አንገት ላይ ዧ አለ። አልጮኸም። ኮሌታውን ያዝ አድርጎ «ይሄ ሻወር ከሂሳቡ ጋር ነው?» አለኝ። ሂሳብ አልተቀበልኩትም።

በኋላ ሜካኒኩ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። የሚከፈት ጣራ ለካ ውሃ እንዲገባ ታስቦ ነው የሚሠራው። በዙሪያው ቦይ አለ፣ ከቦዩ ማዕዘኖች ቀጫጭን ቱቦዎች በመኪናው ምሰሶዎች ውስጥ እየወረዱ ውሃውን መሬት ላይ ያፈሱታል። የኔን ቱቦ ቅጠል ደፍኖታል። አስቡት፣ ከራሳችሁ በላይ የቤት አሸንዳ የመሰለ ነገር ይዛችሁ ነው የምትነዱት።

ከዚያ ቀን በኋላ የድሮ ታክሲ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ ጣራው ላይ ያርፋል። ሲቆይ አንድ ነገር ገባኝ። የታክሲ ጣራ በሾፌርና በተሳፋሪ መካከል ያለ ክርክር ነው። ዝናቡ ማንን ይምታ? ሰማዩን ማን ይይ? መውረድ የፈለገ ሰው ለሾፌሩ እንዴት ይንገረው? ዛሬ የማሳያችሁ ታክሲ ሁሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው። አንዳንዱ መልስ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሾፌሩ በጣም ክፉ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ታገሱኝ።

ከፈረስ እንጀምር። እንግሊዝ አገር ጆሴፍ ሃንሰም የሚባል አርክቴክት ነበር። በ1834 ባለ ሁለት ጎማ ሰረገላ ፈልስፎ መብቱን አስመዘገበ። በኋላ ጆን ቻፕማን የሚባል ሰው አሻሻለውና የለንደን ዋና ታክሲ ሆነ፤ ስሙ ግን ሃንሰም እንደተባለ ቀረ። ይሄን ፎቶ እዩት። ፈረሱ ፊት ነው። ሁለት ተሳፋሪ መሀል፣ መንገዱን እያዩ ይቀመጣሉ። ሾፌሩስ የት አለ? ከኋላ ነው፣ ከጣራው በላይ ብቅ ብሎ፣ ሰገነት ላይ እንደወጣ ዶሮ። የፈረሱ ዛብ በተሳፋሪዎቹ ራስ ላይ፣ በጣራው ላይ አልፎ ነው እጁ የሚገባው።

የወደድኩት ግን ጣራው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ነው። መሀል ላይ፣ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ፣ በማጠፊያ የምትከፈት። ተሳፋሪው መናገር ሲፈልግ በዱላው ወይም በጃንጥላው ጣራውን መታ መታ ያደርጋል። ሾፌሩ መዝጊያዋን ከፍቶ ወደ ታች አጎንብሶ ያያል። ወራጅ አለ፣ በቃ! ሂሳቡም በዚያችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይቀበላል። ከፊት ያሉት ታጣፊ በሮች ደግሞ በሾፌሩ እጅ ባለ ማንሻ ነው የሚከፈቱት። ሂሳብ ካልከፈልክ በሩን አይለቅልህም። ይህንን ሳነብ ከልቤ ሳቅኩ። ከኋላ በሩን ከፍቶ በሮጠ ተሳፋሪ ስንቴ እንደተቃጠልኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የ1830ዎቹ ሰዎች ግን መላውን አግኝተውት ነበር።

ታዲያ ዝናብ ሲመጣ ያ ሰገነት ላይ ያለው ሰውዬ ኮቱን ጠቅልሎ ቁጭ ነው። ጣራው የሚያልቀው ከእሱ ፊት ነው። አሜሪካኖቹም ይህንኑ አመል ወረሱ። በ1897 ኒው ዮርክ ውስጥ በባትሪ የሚሄዱ ታክሲዎች ወጡ፤ አዎ፣ የኤሌክትሪክ ታክሲ፣ ከመቶ ዓመት በፊት። ፈረሱ ጠፍቷል፣ ዛብ የለም፣ አለንጋ የለም። ሾፌሩ ግን ያው ከኋላ፣ ከጣራው በላይ ተሰቅሏል። ለምን ቢባል ታክሲ ሲባል ሰው ዓይኑ የለመደው ያንን ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ላንዶሌት የሚባለው መጣ። ስሙ ላንዶ ከሚባለው ሰረገላ ነው የመጣው፣ ሰረገላው ደግሞ በጀርመኗ የላንዳው ከተማ ተጠርቶ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከተሳፋሪው በላይ ያለው የጣራው የኋላ ክፍል ቆዳ ወይም ሸራ ነው፣ ውስጡ የእንጨት አጥንት አለው፣ በጎኑ ደግሞ እንደ ክርን የሚታጠፍ ብረት። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ሲዘንብ ይነሳል። ያ የጎን ብረት አሁንም አለ። አሜሪካ የአስከሬን መኪና አይታችሁ ከሆነ ጎኑ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ የሚያብረቀርቅ ብረት አለ አይደል? እሱ ነው። ምንም አያጥፍም፣ ምንም አይከፍትም፤ ለጌጥ ተለጥፎ ቀርቷል።

ከላንዶሌት ሁሉ ስመ ጥሩ የፓሪሱ ሬኖ ኤጂ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 8 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት ሚጢጢ መኪና። ተሳፋሪው ከኋላ በቆዳ ጣራው ሥር ተመቻችቶ ይቀመጣል። ሾፌሩ ከፊት ሜዳ ላይ ነው፤ በር የለው፣ የፊት መስታወት የለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሴፕቴምበር 1914 ጀርመኖች ፓሪስን ሲጠጉ የከተማዋ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጋሊየኒ 600 ያህል ታክሲ ሰብስቦ ወታደር አስጫነ። አራትም አምስትም እየሆኑ፣ ከነጠመንጃቸው ተጨናንቀው፣ ሌሊት ለሌሊት ወደ ማርን ግንባር። ጦሩን ያዳነው ታክሲ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። እንደዚያ አይደለም፣ አብዛኛው ጦር የሄደው በባቡር ነው፤ ታክሲዎቹ የወሰዱት ጥቂት ሺህ ሰው ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ታክሲዎቹ ሂሳብ ተከፍሏቸዋል! በቆጣሪው ልክ፣ 70012 ፍራንክ፣ ከመንግሥት ካዝና። አገር እየተወረረ ሂሳብ ያልረሳ ሾፌር፣ የሙያ ወንድሜ ነው። ከታክሲዎቹ አንዷ ዛሬ ፓሪስ፣ ኢንቫሊድ ያለው የጦር ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። የሄዳችሁ እንደሆነ መጀመሪያ የሾፌሩን ወንበር እዩ። ከዚያ በዚያ ወንበር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ንፋስ እየመታችሁ ስትነዱ ይታያችሁ።

ወደ ለንደን ልመለስ። የለንደን ታክሲ ጣራው ከፍ ያለ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ጌታ ሳያወልቅ እንዲቀመጥ ነው ተብሎ ይነገራል። ታክሲውን የሚቆጣጠረው ፖሊስ ነበርና ከ1906 ጀምሮ ጥብቅ ደንብ ወጣ። መኪናው በ25 ጫማ፣ ማለትም በ7 ሜትር ተኩል ገደማ ክብ ውስጥ መዞር አለበት ተባለ። ያ ደንብ እስከ ዘመናችን አብሯቸው ኖሯል። በ1930ዎቹ የወጣው የኦስቲን ታክሲ አሁንም የኋላ ጣራው የሚታጠፍ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ኤፍኤክስ 3 የሚባለው ሲመጣ ጣራው ጠቅላላ ብረት ሆነ፣ መታጠፍ ቀረ።

ኤፍኤክስ 3 ግን አንድ ጉድ አላት። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ወንበር የለም። በርም የለም። ሻንጣ ማስቀመጫ ነው፣ ወደ መንገዱ ክፍት። ጣራ ከላይ አለ፣ ጎኑ ግን ወለል ያለ ነው። ስለዚህ የለንደን ሾፌር እስከ 1950ዎቹ ድረስ በአንድ ጎኑ ክረምት፣ በአንድ ጎኑ በር ይዞ ይነዳ ነበር ማለት ነው። ሻንጣው እንኳ ከሾፌሩ እኩል ክብር አግኝቷል።

በ1958 የመጣችው ኤፍኤክስ 4 ናት፣ ፊልም ላይ የምታዩዋት ጥቁሯ የለንደን ታክሲ። የመጀመሪያዎቹን ፎቶ አስተውሉ። ጣራው ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትናንሽ ጉብጉብ ያሉ ነገሮች አሉ። ፍሬቻ ናቸው! ሰው ሁሉ ፍሬቻ ከታች፣ ከፓራውልቱ በላይ ያደርጋል፤ እነሱ ጣራው ላይ አወጡት። የጥንቸል ጆሮ የሚል ስም ወጣላቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ታች ወረዱ። ለእኔ ከነጆሮዋ ታምራለች፣ ጆሮዋ ሲነሳ ፊቷ ደነዘዘ። ሚስቴ በዚህ አትስማማም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ኒው ዮርክ፣ 1930ዎቹ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ። በዚያን ዘመን አብዛኛው መኪና፣ የቤት መኪናም ጭምር፣ ጣራው መሀል ለመሀል ጨርቅ ነበር። ዳርና ዳሩ ላሜራ ነው፣ መሀሉ በቅጥራን የተነከረ ጨርቅ የተወጠረበት። የአሠሪዎቹ ንፍገት እንዳይመስላችሁ። ያን የሚያህል ሰፊ ላሜራ በአንድ ምት ቅርጽ የሚያስይዝ ማተሚያ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ ለ1935 ሞዴል ጣራውን ሙሉ ብረት አድርጎ ሲያወጣ እንደ ትልቅ ዜና ነው የተወራለት። ስለዚህ ያ ዘመን ጣራ ምን መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ ገና ያልተዘጋበት ነው። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይሞክራል።

በዚህ መሀል ክራይስለር ኩባንያ ዴሶቶ በሚለው ስሙ ለታክሲ ብሎ የሠራቸው መኪኖች ኒው ዮርክ ገቡ። ስማቸው ስካይቪው። ሰማይ ማሳያ እንበለው? ረጃጅም ናቸው፣ ከኋላ ወንበሩ ፊት ታጣፊ ወንበሮች አሏቸው፣ የከተማው ደንብ ታክሲ ለታክሲነት የተሠራ እንዲሆን ያስገድድ ነበርና። ከተሳፋሪው ራስ በላይ ያለው ጣራ ይከፈታል። በቃ ይኸው ነው ነገሩ፤ አንገትህን ቀና ታደርጋለህ፣ ከተማው ከላይህ ያልፋል።

ለምን እዚያ? ለምን በዚያ ጊዜ? ማንሃተንን አስቧት። ክራይስለር ሕንፃ በ1930 አለቀ፣ 319 ሜትር። ኤምፓየር ስቴት በ1931፣ ጣራው 381 ሜትር። እንዲህ ያለ ቁመት ያኔ በዓለም ላይ አልነበረም። ከገጠር የመጣ ሰው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው፣ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ማየት የሚፈልገው ፎቁን ነው። በመኪና መስኮት የሚታየው ግን ምድር ቤቱ ነው! የጫማ ሱቅ፣ የሆቴል በር፣ የሰው እግር። መስኮቱን አውርደህ አንገትህን ብታወጣ እንኳ ሠላሳኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ያምሃል። ስለዚህ ጣራውን ከፈቱለት።

አንድ ነገር ላክል፣ ይህንን ሳስበው ፈገግ እላለሁ። ዴሶቶን በ1928 ያቋቋመው ዋልተር ክራይስለር ነው። ያንን የሚያብለጨልጭ ጫፍ ያለውን ሕንፃም ገንዘቡን ያወጣው እሱው ነው፣ ከኪሱ፣ ከኩባንያው አይደለም። በአንድ ወገን ሰማይ የሚነካ ፎቅ ይሠራል፣ በሌላ ወገን ፎቁን ለማየት ጣራ የሌለው ታክሲ ይሸጣል። ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው እንጂ።

ተፎካካሪው ቼከር አርፎ አልተቀመጠም። ቼከር የሞሪስ ማርኪን ኩባንያ ነው፣ ፋብሪካው ሚሺጋን፣ ካላማዙ የምትባል ከተማ። ከታክሲ ውጪ ሌላ ብዙም አያውቅም ነበር። በ1930ዎቹ ማብቂያ ሞዴል ኤ ብሎ ያወጣት መኪና የድሮውን ላንዶሌት መልሳ አመጣች፤ የኋላ ጣራዋ ይታጠፋል። ፊቷ፣ ሰው አይስማኝና፣ አስቀያሚ ነው። እንደተቆጣ ዓሣ። ጣራዋ ግን ተከፍቶ ስታዩት ትረሱላታላችሁ።

እና የት ሄዱ? መቼም ብዙ ምክንያት አለው። ዝናቡ አንድ ነው፤ የኔን ሰውዬ አስታውሱ። ታክሲ በቀን ሃያ ሰዓት በሁለት ሾፌር የሚሠራ ዕቃ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በበዛበት ቁጥር የሚበላሽ ነገር ይበዛል፣ ጋራዥ የቆመ ታክሲ ደግሞ ገንዘብ አያመጣም። ትልቁ ምት ግን በ1954 መጣ። ኒው ዮርክ ደንቧን አላላች፤ ተራ የቤት መኪናም ታክሲ መሆን ይችላል ተባለ። ርካሽ ሴዳን ገዝቶ ቢጫ መቀባት እየተቻለ ለሰማይ ማሳያ ማን ይከፍላል? ዴሶቶ ራሱ በ1960 ማብቂያ ላይ ተዘጋ። ቼከር በደረቅ ብረት ጣራው እስከ 1982 ቆየ። በኒው ዮርክ ጎዳና የመጨረሻዋ ቼከር ሥራ ያቆመችው በ1999 ነው።

ሕንድን በአጭሩ ልንካት። የቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ ታክሲ፣ ፕሪሚየር ፓድሚኒ ትባላለች፤ ሥሯ ፊያት 1100 ነው። ገላዋ ጥቁር፣ ጣራዋ ቢጫ። ከፎቅ ሆነህ ወደ ታች ስታይ ታክሲዋን ትለያለህ። ጣራዋ ላይ ደግሞ የዕቃ መጫኛ ብረት አለ። በ2023 ከመንገድ ወጣች።

የዕቃ መጫኛ ብረት ስል አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ «ፖርቶ መጋላ በለው እንጂ» እያላችሁ ነው። አውቃለሁ። ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፣ ፖርታባጋሊ፣ ሻንጣ ተሸካሚ ማለት። እኛ መጋላ አደረግነው፣ ግመል የሚያስጭን ገበያ ይመስል።

አዲስ አበባ ታክሲ ብዬ የማስታውሳት የመጀመሪያዋ ሴይቼንቶ ናት፣ ፊያት 600። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። ይቺ ፊያት በ1955 ጣሊያን ውስጥ ስትወጣ ጣራዋ ሸራ የሆነ፣ እንደ ሰሌን ወደ ኋላ የሚጠቀለል ዓይነትም ነበራት። እኔ የማስታውሳት ግን ደረቅ ጣራ ነው። ከአባቴ ጭን ላይ ሆኜ መንገድ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ራሴ ከኮርኒሱ ይጋጭ ነበር። የጨርቁ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ቤንዚንና ሲጋራ።

ሐረር ደግሞ ፔጆ 404 አለች። መቼም ሐረር ሄዶ 404 ያልተሳፈረ ሰው ሄድኩ አይበል። ፈረንሳዮች በ1960 ያወጧትን መኪና፣ ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና ቅርጿን ያወጣላትን፣ ሐረሮች ስንት ዘመን አከረሟት። ባትላሜራው ቀጠቀጣት፣ ቀቢው ቀባት፣ ሞተሯ ወረደ ተመለሰ። ለጣራዋ ስትሉ አንድ ጊዜ እጃችሁን አሳርፉባት። ከተደራረበው ቀለም የተነሳ እንደ ቅቤ ትለሰልሳለች።

ግን ዛሬ ከመጣሁበት ነገር ጋር በቀጥታ የምትገናኘው ሴይቼንቶም 404ም አይደለችም። ውይይት ናት። አዎ፣ ሳቁ። ወጣቶቹ ምናልባት አላያችኋትም። ፒክአፕ መኪና ናት፣ ከኋላዋ ጣራ ተሠርቶላት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ገብቶላት ታክሲ የሆነች። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ዘመኑ ከአብዮቱ በኋላ ነው፣ በየቀበሌው በየመሥሪያ ቤቱ ውይይት ውይይት የሚባልበት፣ ሰው ተፋጦ የሚቀመጥበት። ስሙን ከዚያ አመጡላት። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነው።

ጣራዋ ዝቅ ያለ ነው። ስትገቡ ትጎነበሳላችሁ፣ ስትወጡ ትጎነበሳላችሁ፣ ረጅም ሰው ከሆናችሁ ቁጭ ብላችሁም ትጎነበሳላችሁ። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ነው፣ ለብቻው፣ ተዘግቶ። ከኋላ ያለው ሰው ቢጮህ አይሰማም። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ነበርን፣ እናቴ የምትወርድበትን አለፈች፣ ረዳቱ ደግሞ ከበሩ ተንጠልጥሎ ከመንገደኛ ጋር ወሬ ይዟል። «ወራጅ አለ» አለች፣ ማንም አልሰማ። ደግማ አለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ምንም አልተናገሩም። ዱላቸውን ብድግ አደረጉና ጣራውን ሁለቴ፣ ጓ ጓ! መኪናዋ ቀጥ አለች።

ያኔ ለንደን የሚባል አገር መኖሩንም በቅጡ አላውቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ የሃንሰምን ሥዕል፣ ያችን የጣራ ቀዳዳ፣ ያን በጃንጥላ ጣራ የሚመታ ጌታ ሳይ ግን የታዩኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው።

እኔ ይኸው ነው ያለኝ። ፎቶዎቹን ጠጋ ብሎ ማየት የሚፈልግ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ እባካችሁ ቡና እንዳታፈሱባቸው። ጥያቄ ካለ አሁን ነው። ጋሼ፣ ከኋላ ሆነው ወንበሩን የሚመቱት፣ ሰምቻለሁ፤ ወራጅ አለ።